የፎቶግራፍ አንሺ ረዳት ሆነን የዋልንበት ቀን

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንጽፍላችሁ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ከዚህ ጥቂት የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እስከ ፍጻሜው ያነበበ ሰው ጉዳዩ ፈጽሞ የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

በዘመናችን በከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ መነሣትን እጅግ ይወዳል። ልጅ ክርስትና ሲነሣ፥ ተማሪ ሲመረቅ፥ ሙሽራ ሲዳር፥ የሽማግሌ ልደት ሲከበር ፎቶግራፍ አንሺ ይጠራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ እንዲሁ ቆሞ መነሣት ብቻ አልበቃ ብሎ፥ አንድ አሳብ አስቀድሞ መርጦ ልብሱን፥ ዕቃውንና ስፍራውን ሁሉ ለዚያ አሳብ አስማምቶ መነሣት የተለመደ ሆኗል። አንዱ እንደ ጥንት መኳንንት ካባ ደርቦ፥ ሌላው እንደ ባላገር ጅራፍ ይዞ፥ አንዲቱም እንደ ድሮ እመቤት ሹሩባ ተሠርታ በመሶብ አጠገብ ተቀምጣ ትነሣለች። ነገሩ የሚያስደስትና የማይነቀፍ ጨዋታ ነው። ሆኖም ጨዋታው የሌላ ሰው ሕይወት የተነካበት እንደ ሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ዓይናችን አይተን ነው።

ለብሶና አጊጦ በአንድ አሳብ መነሣት ዛሬ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በእንግሊዝ አገር በዊት ደሴት ትኖር የነበረች ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. በ48 ዓመቷ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከልጇ በስጦታ አገኘች። ከዚያ በኋላ የዶሮ ቤቷን መስተዋት አልብሳ የማንሻ ክፍል፥ የከሰል ማኖሪያዋንም ጨለማ ክፍል አድርጋ ሥራ ጀመረች። ወዳጆቿንና ሎሌዎቿን እንደ ነገሥታት፥ እንደ መላእክት፥ እንደ ተረት ሰዎች እያለበሰች ታነሣቸው ነበር፤ ሜሪ ሂሊየር የተባለችውንም የቤት ሠራተኛዋን እንደ እመቤታችን ማርያም አልብሳ ደጋግማ አንሥታታለች። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚያዘው መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ስለ ነበረ፥ መስተዋቱ ሳይደርቅ ማንሣትና ማጠብ ግዴታ ነበር። ተነሺውም ብዙ ሰከንድ፥ አንዳንድ ጊዜም ደቂቃዎች፥ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። እንግዲህ ውኃ የሚያቀርብ፥ ልብስ የሚያቃና፥ መጋረጃ የሚይዝ ረዳት ከጥንት ጀምሮ ሳይኖር አልቀረም ማለት ነው።

ይህችው ወይዘሮ ካነሣቻቸው ሰዎች አንዱ የእኛው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ ነው። መቅደላ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ አባቱን ያጣው ሕፃን፥ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ሳሉ ሞተውበት፥ በሰባት ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ገባ። በዚያው ዓመት በክረምቱ ወራት በወይዘሮዋ መሣሪያ ፊት ተቀመጠ። አሳዳጊው የነበረው ካፒቴን ስፒዲም እንግሊዛዊ ሲሆን የአገራችንን ልብስ ለብሶ ተነሥቷል። የሕፃኑን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ በፊቱ ላይ ፈገግታ እንደሌለ ያስተውላል። ልብሱንና ጌጡን ሌሎች እንደ ወደዱት አሰናዱት፤ እርሱ ግን ምን ይወድ እንደ ነበረ ሥዕሉ አይነግረንም። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንግባ። ከምናውቃቸው ቤተ ሰቦች አንዱ ለእናታቸው ልደት በጥቅምት ወር ፎቶግራፍ አንሺ ጠርተው ነበር። እናቲቱ ከ75 ዓመት ያለፉ፥ በሰሜን ሸዋ ገጠር ተወልደው ያደጉ፥ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከልጃቸው ጋራ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው እናትዋን ከልብ የምትወድ ሴት ናት። ከአሳቧ ሁሉ የሚያሳዝናት አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም እናትዋ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ የሌላቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ፥ «በዘመኑ ያልተነሡትን የሠርግ ፎቶግራፍ ዛሬ አስነሣቸዋለሁ» ብላ፥ የጥንት ሙሽራ ካባ፥ ባለ ዘርፍ ጥላ፥ የተሸለመ ወንበርና መሶብ ተከራይታ አዘጋጀች። ለእናትዋም አልነገረቻቸውም፤ በድንገት ላስደስታቸው ብላ ነው።

ሥራው በቀረበ ጊዜ የፎቶግራፍ አንሺው ረዳት ታመመ። እኛም ከመጋረጃው በስተ ኋላ ያለውን ሥራ ማየት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንመኝ ስለ ነበረ፥ «እኛ እንርዳህ» ብለን ገባን።

አንድ ፎቶግራፍ ሲታይ የሚታየው ተነሺው ብቻ ነው፤ የሚመሰገነውም ቢበዛ አንሺው ነው። የረዳቱ ድካም ግን አይታይም። ከጧቱ በ1 ሰዓት ደርሰን የጀመርነው የመጀመሪያ ሥራ ካሜራ መንካት ሳይሆን ልብስ መተኮስ ነበረ። በዓይን ሲያዩት የማያስታውቅ የልብስ ጭምታት በፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ ይወጣልና። ቀጥሎ የባትሪዎቹን መሙላት ማየት፥ የመብራቱ ማቆሚያ እግር በነፋስ እንዳይወድቅ አሸዋ የሞላበት ከረጢት ማንጠልጠል፥ ተነሺዎቹ የሚቆሙበትን ስፍራ በመሬት ላይ ምልክት ማድረግ ነበረብን። ከተነሺው ራስ በስተ ኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውኃ ቧንቧ እንዳይታይ መመልከት የረዳቱ ፈንታ ነው። ነገሩ የድሮ ዘመን ነው ተብሎ ሳለ የእጅ ሰዓት በክንድ ላይ ወይም ስልክ በመቀመጫው ላይ ተረስቶ እንዳይቀር መጠንቀቅም እንዲሁ። የሰፋውን ካባ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ሰብስቦ ልክ ማስመሰል፥ ለሽማግሌ ውኃና ማረፊያ ወንበር ማቅረብ፥ ሕፃን እንዳይሰለች ማጫወት፥ ይህ ሁሉ የረዳት ሥራ ነው።

ስለ ብርሃንም ብዙ ተማርን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ስለ ሆነች በቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ቆማ ትበረታለች። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ዓይኖቹ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገቡ ሆነው ይጨልማሉ። ስለዚህ መልካሙ ጊዜ ጧት እስከ 3 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ነው። የአገራችን ነጭ ቀሚስም ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። ካሜራው የሚያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ አመድማ አድርጎ ስለሚገምት፥ በነጭ ልብስ ፊት ሲቀመጥ ብርሃኑን ይቀንስና ነጩን ግራጫ፥ የሰውየውንም ፊት ጥቁር ያደርገዋል። ብርሃኑ ያለ መጠን ሲጨመር ደግሞ ጥበቡና ጥልፉ ጠፍቶ ልብሱ ሁሉ ወረቀት ይመስላል። አዋቂ አንሺ በሁለቱ መካከል መንገዱን ያገኛል። ባለ ሙያዎቹ ሪፍሌክተር የሚሉት ብርሃን የሚመልስ ክብ ጨርቅም አለ፤ እርሱን ከተነሺው ጉልበት አጠገብ ተንበርክኮ መያዝ የረዳቱ ዋና ሥራ ነው። ወርቃማው ፊቱ ነጭ ቀሚስን ቢጫ ስለሚያደርግ በነጭ ፊቱ መያዝ እንደሚገባ አንሺው ነገረን። ቤት ውስጥ ነጭ አንሶላ የወጠረ ሰውም ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ባልቴቲቱ ወጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ለማሳመር የመጣችው ወጣት ነጠላቸውን ስታለብሳቸው ባለ ጥለቱን ጫፍ ወደ ላይ መልሳ በአንገታቸው ዙሪያ አደረገችው፤ ለዓይን አምሯት ነው። ባልቴቲቱ ሳቅ አሉና፥ «ልጄ፥ ማን ሞተና ነው ጥለቱን ወደ ላይ ያደረግሽው?» አሏት። ጥለቱን ወደ አንገትና ወደ ፊት መልሶ መልበስ የሐዘን ምልክት መሆኑን ልጅቱ አታውቅም ነበር። እኛም ብንሆን እውነቱን ለመናገር በደንብ አላስተዋልነውም ነበር። ባልቴቲቱ በገዛ እጃቸው አቃኑት፤ ሁላችንም ስቀን ወደ ሥራው ገባን።

ካባው ሲደረብላቸው ግን ዝም አሉ። አንሺው ትዕግሥተኛና ሥራውን የሚያውቅ ጎልማሳ ነው፤ «እማማ፥ ወደዚህ ይመልከቱ፤ ፈገግ ይበሉልን» እያለ በትሕትና ለመናቸው። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ከሁሉ ይልቅ የቀረብናቸው ብርሃኑን ይዘን ከጉልበታቸው አጠገብ የተንበረከክነው እኛ ነበርን። ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «ልጄ፥ ይህ የሙሽራ ካባ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«አዎን እማማ፤ የሠርግዎ መታሰቢያ እንዲሆን ነው» አልናቸው።

«የእኔ ሠርግ እንዲህ አልነበረም» አሉ።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ቃሉን ሰምተን ሳለ፥ «ጥቂት ይታገሡ፤ ሊያልቅ ነው» ብለን ብርሃኑን አቃናን። ረዳት ዝም ብሎ መሥራት አለበት ብለን አሰብን፤ አንሺው የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ልጃቸው ደስ ብሏታል፤ ሽማግሌ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደክማል ብለን ገመትን። ከአንድ ሰው አፍ የወጣውን ቃል በጆሯችን ሰምተን በልባችን ሳንሰማው ቀረን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የልጅ ልጃቸው መጣች። የ12 ዓመት ልጅ ናት። ለአሳቡ ማማር ሲባል ለእርስዋም ትንሽ ካባ ተከራይቶላት፥ ጠጕርዋ ሹሩባ ተሠርቶ፥ በግንባርዋ ላይ ጌጥ ታስሮ፥ «አያትና የልጅ ልጅ ሙሽሮች» ሆነው ጎን ለጎን እንዲነሡ ታስቦ ነበር። ልጅቱ ጨዋታ መስሏት እየዘለለች መጥታ ከአያትዋ ጎን ቆመች። ባልቴቲቱ አተኵረው አዩዋትና፥ «ስንት ዓመትሽ ነው?» አሏት።

«እማማ ደግሞ! 12 ነው እንጂ፤ ረሱት?» አለች።

ባልቴቲቱ መልስ አልሰጡም። እጃቸውን ከካባው በታች አውጥተው የነጠላቸውን ጥለት ቀስ አድርገው ወደ ላይ መለሱትና እስከ አገጫቸው ሸፈኑት።

አንሺው በዚያ ጊዜ መሣሪያውን ያስተካክል ነበር፤ ልጃቸውም የጥላውን ዘርፍ ታቃና ነበር። ያየን እኛ ብቻ ነን። ጧት ያስተማሩን ነገር ባይሆን ኖሮ እኛም ብርድ የተሰማቸው መስሎን ባለፍነው ነበር። ብርሃን መላሹን ጨርቅ ወደ መሬት ዝቅ አደረግነው። አንሺው፥ «ብርሃኑን ከፍ አድርጊልኝ» አለ። እኛም፥ «ይቅርታ፤ እማማ አዝነዋልና ጥቂት ይቁም» አልን። ይህን ለማለት ቀላል አልነበረም፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ስለ አንሺው ግን ምስጋና ይገባዋል፤ ምንም ሳይቈጣ ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ።

ልጃቸው ደንግጣ ቀረበች። «እማዬ፥ አመመሽ?»

«አላመመኝም። ይህችን ልጅ ካባውን አውልቁላት፤ ከዚያ እናገራለሁ» አሉ።

ካባው ወለቀላት። ባልቴቲቱም ተናገሩ። የተዳሩት በ1954 ዓ.ም. በ12 ዓመታቸው ነው። ካባ አልለበሱም፤ ጥላም አልተያዘላቸውም፤ በማያውቁት ሰው ጀርባ በበቅሎ ተፈናጥጠው ሌሊት ከእናታቸው ቤት ወጡ። የሚያስታውሱት ዘፈኑን አይደለም፤ እናታቸው ከአጥሩ በስተ ኋላ ቆመው ያለቀሱትን ነው። «ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማረው። ነገር ግን ያን ቀን የሚሞሸር ሰው አልነበርኩም፤ ልጅ ነበርኩ። አንቺ አስደስትሻለሁ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። ይህችን ካባ ለብሳ ሳያት ግን ራሴን አየሁ» አሉ።

ልጃቸው፥ «ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ለምን ሳትነግሪኝ?» ብላ አለቀሰች።

እናትዋም፥ «አልጠየቅሽኝማ፤ ልጄ» አሏት። ይህን ያሉት በቍጣ አልነበረም።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ እዚህ ላይ ስለ ሕጉ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ 15 ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር ያዝዝ ነበር። እንግዲህ የባልቴቲቱ ጋብቻ በዚያ ሕግ እንኳ ያልተፈቀደ ነበር፤ ሕጉ ግን ወደ ገጠሩ መንደር አልደረሰም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ በመሠረቱ 18 ዓመት አድርጎታል። ሕጉ እንዲህ ከሆነ፥ የ12 ዓመት ልጅን በጨዋታ እንኳ ሙሽራ አስመስሎ ማንሣት ምን እንደሚያስተምር ማሰብ የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው። ባልቴቲቱ ያሳሰባቸው የራሳቸው ያለፈ ሐዘን ብቻ አልነበረምና።

ሁሉም ዝም ባለ ጊዜ አንሺው ከወንበሩ ፊት በርከክ አለና፥ «እማማ፥ እርስዎ በምን ዓይነት ቢነሡ ይወዳሉ?» ሲል ጠየቀ። በዚያን ቀን ይህን ጥያቄ ያቀረበላቸው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበረ። ባልቴቲቱ ጥቂት አሰቡና የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፥ «ከአልጋዬ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለውን አምጪልኝ» አሏት።

የመጣው ነገር ዳሩ የተበላ አንድ ደብተርና አንድ የምስክር ወረቀት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ ባልቴቲቱ የ29 ዓመት ሴትና የልጆች እናት ነበሩ። ያ ዘመቻ በመላ አገሪቱ ትልልቅ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ ያስተማረ፥ ኋላም እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች የተካሄደ፥ በውጭ አገር አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከዩኔስኮ በኩል ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። እርሳቸውም ቀን ውኃ ቀድተውና እንጀራ ጋግረው፥ ማታ በኩራዝ ብርሃን ከጎረቤት ሴቶች ጋራ እየተማሩ ፊደልን ለዩ። «ስሜን በገዛ እጄ የጻፍኩበት ቀን ነው የእኔ ሠርግ» ብለው ደብተሩን ከፈቱ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸው ከላይ እስከ ታች ተደጋግሞ ተጽፎበታል፤ ከላይ ያለው ፊደል የተንጋደደ ነው፤ እየወረደ ሲሄድ ግን እየቀና ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገራለን። የተከራየው ወንበር፥ ጥላውና መሶቡ ተነሡ። ሰዓቱም እየረፈደ ፀሐይ ስለ በረታች፥ ማንሣቱ እስከ 10 ሰዓት ተኵል እንዲቈይ ሆነ። ባልቴቲቱ ምሳቸውን በልተው፥ ጋደም ብለው፥ የራሳቸውን የሰንበት ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ነጠላቸውንም እንደ ደስታ ቀን ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ለበሱት። በመስኮቱ አጠገብ በተራ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ የልጅ ልጃቸውም በዘወትር ልብስዋ ከጎናቸው ሆነች። እኛ ከወለሉ ላይ ተንበርክከን በነጩ ጨርቅ ከመስኮቱ የገባውን ብርሃን ወደ ፊታቸው መለስን። በዓይናቸው ውስጥ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ትንሽ ከዋክብት ሲያበራ ከዚያ ሆነን አየን። አንሺው፥ «ፈገግ ይበሉ» አላለም። ልጅቱ ከደብተሩ ላይ የአያትዋን ጽሕፈት ስታነብ፥ «እማማ፥ ይህ 'ሀ' ወደ ላይ ተገልብጧል!» አለች፤ ባልቴቲቱም፥ «እኔም ያን ጊዜ ተገልብጬ ነበርኩ» ብለው ሣቁ። ሥዕሉ የተወሰደው በዚያች ቅጽበት ነው።

ማታ ላይ ልጃቸው ጧት የተነሡትን ሥዕሎች ሁሉ ልታስጠፋ ፈለገች። ካባ ለብሳ ለአንድ አፍታ የተነሣችው የልጅቱ ሥዕል እንዲጠፋ እናትዋ ተስማሙ። ስለ ራሳቸው ሥዕል ግን፥ «አንዱን ተዪልኝ። ከጀርባው 'የልጄ ምኞት' ብለሽ ጻፊበት፤ 'የእናቴ ሠርግ' ብለሽ ግን አትጻፊ። ኋላ የሚያየው ሰው እውነት እንዳይመስለው» አሏት።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፥ ከዚህ ቀን ያገኘነውን ትምህርት ጠቅለል አድርገን እንንገራችሁ። በቤታችሁ ለአባት ወይም ለእናት፥ ለአያት ወይም ለልጅ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ልታስነሡ ስታስቡ፥ ልብስ ከመከራየታችሁ አስቀድሞ ተነሺውን ጠይቁ። በድንገት ማስደሰት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሰውን ያለፈ ዘመን በድንገት ማንሣት የተዘጋ በር ሳያንኳኩ እንደ መክፈት ነው። የድሮ ዘመን ለወጣቱ ጌጥ ይመስለዋል፤ ለኖረበት ሰው ግን ደስታም ሐዘንም ያለበት ዕድሜ ነው። አሳቡን ሽማግሌው ራሱ ቢመርጥ፥ ዕቃውም ከኪራይ ቤት ሳይሆን ከገዛ ሣጥኑ ቢወጣ፥ ሥዕሉ ወጪው ያንሳል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል።

ሥዕሉ ከታተመ በኋላም ማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው ዓመትና ስፍራ እንደ ተነሣ፥ ልብሱም የራሱ ይሁን የተከራየ፥ በጀርባው መጻፍን አትርሱ። የልጅ ልጆቻችን የሚያምኑት የተጻፈውን ነውና። በስልክ ወይም በካሜራ ብቻ የተቀመጠ ሥዕል መሣሪያው ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ስፍራ ማኖር፥ የተወደደውንም በወረቀት ማሳተም ይገባል።

ለአንሺዎችና ለረዳቶቻቸው ደግሞ ይህን እንላለን። ብርሃኑን የያዘ ሰው ከሁሉ ይልቅ ለፊት ቅርብ ነው፤ ካሜራው ያላየውን እርሱ ያያል። ያየውንም በትሕትና መናገር ከሥራው የወጣ ድፍረት ሳይሆን የሥራው ክፍል ነው። እኛ በመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለን አጠፋን፤ ሁለተኛ ዕድል ያገኘነው ባልቴቲቱ በነጠላቸው ስለ ተናገሩ ነው። ሁሉም ሰው ግን ሁለት ጊዜ አይናገርም።

በዊት ደሴት ስለ ተነሣው ስለ ሕፃኑ ስለ ደጃዝማች ዓለማየሁ መልሰን እናስባለን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ፤ የለበሰው ልብስ፥ በአንገቱ ያለው ጌጥ ሁሉ ይታያል። ምን ብትለብስ፥ ምን ብትይዝ ትወዳለህ ብሎ በቋንቋው የጠየቀው ሰው ኖሮ ቢሆን ምን ይመልስ ነበር እያልን እንጠይቃለን፤ መልስ የሚሰጠን ግን የለም። በየቤታችሁ ያሉት ሽማግሎች ግን በሕይወት አሉ፤ መልስም አላቸው። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ጠይቋቸው።